ጥሎት የመጣው መሬት የማን ነው? የቆጵሮስ ተፈናቃዮች ክርክር ለጎጃም ተፈናቃይ ምን ይነግረዋል

«የመሬቱ ደብተር እጄ ላይ ነው። መሬቱን የሚያርሰው ግን ሌላ ሰው ነው። አሁን መሬቱ የማን ነው?»

ቻግኒና አካባቢዋ ላይ ከተፈናቃይ ጋር ቁጭ ብሎ ቡና የጠጣ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይነሣም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ዞን፣ ከቡለን፣ ከድባጤ፣ ከዳንጉርና ከሌሎችም ወረዳዎች ሸሽቶ በራንች መጠለያ የሰፈረው ሕዝብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ከወለጋም ወደ ጎጃም የመጣ አለ። የተፈናቀለው አማራ ብቻ አልነበረም፤ አገውም፣ ሺናሻም፣ ኦሮሞም፣ ጉሙዝም ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ከፊሉ ተመልሷል፣ ከፊሉ እስካሁን ልቡ እዚያ፣ እግሩ እዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄው በሕግ ዓይን ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ይሞክራል። መንገዱ ግን በቆጵሮስ በኩል ይዞራል። ንብረቱን ጥሎ የሸሸ ሰው በፍርድ ቤት እስከ የት መሄድ እንደሚችል እንደዚያች ደሴት ሰዎች በትዕግሥት የፈተነ ሕዝብ ጥቂት ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ ተሟግተዋል። የእነርሱን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ።

ቆጵሮስ ለምን ለሁለት ተከፈለች?

ቆጵሮስ፣ በዜና ሳይፕረስ የምትባለው፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ብቻውን ከእርሷ ይሰፋል። በ1960 ከእንግሊዝ ነፃ ወጣች። አብዛኛው ሕዝቧ ግሪክኛ ተናጋሪ ኦርቶዶክስ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቱርክኛ ተናጋሪ ሙስሊም ነው። የሥልጣን ክፍፍሉ ከሦስት ዓመት ብዙም ሳይዘልቅ ፈረሰ። በ1963 መጨረሻ ደም ሲፈስ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል በዋና ከተማዋ በኒኮሲያ ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ መስመር አሰመረ። መለያ መስመሩ እስከ ዛሬ «አረንጓዴው መስመር» ይባላል። በማግስቱ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ገብተው በመካከል ቆሙ።

በጁላይ 1974 አቴንስ በነበረው የወታደር መንግሥት የተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት ደሴቷ ላይ ተካሄደ። በአምስተኛው ቀን የቱርክ ጦር በሰሜን ጠረፍ ወረደ። ውጊያው ሲቆም ከደሴቷ ከሲሶ በላይ የሚሆነው በቱርክ ጦር እጅ ነበር። ከ160 ሺህ በላይ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ወደ ደቡብ፣ ከ40 ሺህ በላይ ቱርክ ቆጵሮሳውያን ደግሞ ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ሰሜኑ በ1983 ራሱን የቻለ ሪፐብሊክ ነኝ አለ፤ ከቱርክ በቀር እውቅና የሰጠው አገር የለም።

በሰሜን የቀረው የግሪኮች ቤትና የወይራ መሬት ከደቡብ ለተፈናቀሉ ቱርክ ቆጵሮሳውያንና ከቱርክ ለመጡ ሰፋሪዎች ታደለ፤ የባለቤትነት ወረቀትም ተሰጠበት። በ1985 የወጣው የሰሜኑ ሕገ መንግሥት ጭራሹን «ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ንብረት የመንግሥት ነው» ብሎ ደነገገ። ለአንድ ቤት ሁለት ወረቀት የኖረው እንዲህ ነው።

ስደተኛ ናቸው ወይስ ተፈናቃይ?

በዓለም አቀፍ ሕግ ስደተኛ ማለት የአገሩን ድንበር ተሻግሮ ጥበቃ የጠየቀ ነው። ቤቱን ጥሎ በዚያው በአገሩ ውስጥ ያለው የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ይባላል። የቆጵሮስ ሰዎች ራሳቸውን ስደተኛ ነን ይላሉ፤ በሕግ ግን ተፈናቃይ ናቸው፤ ከመተከል ወደ ቻግኒ የመጣውም እንዲሁ። ልዩነቱ ዋጋ አለው፤ ተፈናቃይ አቤት የሚለው ብዙ ጊዜ ለገዛ መንግሥቱ ነው። ቆጵሮሳውያን ግን የሚከሱት የውጭ መንግሥት ነበራቸው። ታሪካቸውን ለእኛ ስንጠቀምበት ይህን መርሳት አይገባም።

ማንን ነው የሚከሱት?

ሕግ ያልተማረ ሰው ቀላል የሚመስለው፣ ጠበቆች ግን ዓመታት የፈጁበት ጥያቄ ይህ ነው። ቤቱ ውስጥ የገባው ሰው ይከሰስ? የሰሜኑ ፍርድ ቤት አይሰማህም። የደቡቡ ቢፈርድልህም ፖሊሱ መስመሩን አልፎ ማስፈጸም አይችልም። የሰሜኑ አስተዳደር ይከሰስ? አገር ያልሆነን አካል የሚከስሱበት ዓለም አቀፍ ችሎት የለም።

በሩን የከፈተችው ቲቲና ሎይዚዱ የምትባል የኪሬንያ ተወላጅ ናት። ኪሬንያ ጦሩ በወረደበት ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ሎይዚዱ በ1972 አግብታ ኒኮሲያ ብትገባም ኪሬንያ ላይ በስሟ የተመዘገቡ ቦታዎች ነበሯት፤ ጦርነቱ ሲመጣ በአንዱ ላይ አፓርታማ እየተሠራ ነበር። በማርች 1989 ሴቶች «ወደ ቤታችን እንሄዳለን» ብለው ተሰልፈው መስመሩን ሲያልፉ እርሷም ከመካከላቸው ነበረች። ተይዛ፣ ለሰዓታት ታስራ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ስትራስቡርግ ለሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ተቋም አቤቱታ አስገባች። የከሰሰችው ቱርክን ነው።

ቱርክ «ቦታው እኔ ዘንድ አይደለም፤ በሰሜን ራሱን የቻለ መንግሥት አለ» አለች። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አልተቀበላትም። አባትህ የሞላው ጎተራ አለ እንበል፤ አንድ ሰው ቁልፉን ወስዶ በሩ ላይ ዘበኛ አቁሟል። ዘበኛው «እኔ ራሴን የቻልኩ ሰው ነኝ፣ እርሱን ተዉት» ቢልህ አትሰማውም፤ እህልህን የምትጠይቀው ቁልፉን የያዘውን ነው። የፍርድ ቤቱም ምክንያት ይኸው ነው፤ ብዙ ሺህ ወታደር አስፍሮ አካባቢውን በእጁ ያደረገ መንግሥት፣ ስሙን በሌላ አስተዳደር ቢሸፍንም፣ እዚያ ለሚሆነው ነገር ይጠየቃል። ሕግ አዋቂዎች ይህን «ውጤታማ ቁጥጥር» ይሉታል።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ጊዜ ነበር። ቱርክ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን የተቀበለችው በጃንዋሪ 1990 ነው፤ ከዚያ በፊት የተደረገ ነገር አይታይብኝም ትላለች። እውነትም ሎይዚዱ ባለቤትነቷን በ1974 ወይም በ1985 አንድ ጊዜ ተነጥቃ ከነበረ ጉዳዩ ያለፈ ነው፤ ፋይሉ ይዘጋል። ፍርድ ቤቱ ግን በዲሴምበር 1996 እንዲህ ሲል ወሰነ፤ እውቅና የሌለው አስተዳደር ያወጣው ሕገ መንግሥት የማንንም ባለቤትነት ሊያጠፋ አይችልም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ያን ጊዜም ዛሬም ባለቤት ናት፤ ባለቤት ከሆነች ደግሞ ወደ ቦታዋ እንዳትገባ የተከለከለችበት እያንዳንዱ ቀን አዲስ በደል ነው። ይህ «ቀጣይ ጥሰት» ይባላል። እኔ እንደሚገባኝ ከመላው ክርክር እጅግ ከባዱ ነጥብ ይህ ነው፤ ለተፈናቃይ ዓመታት ማለፋቸው ብቻውን መብቱን እንዳይበላበት ያደረገው እርሱ ነውና።

ካሳ ከተቀበለች መሬቷን ሸጠች ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1998 ፍርድ ቤቱ ለሎይዚዱ 300 ሺህ የቆጵሮስ ፓውንድ በመሬቷ ባለመጠቀሟ ለደረሰባት ጉዳት፣ 20 ሺህ ደግሞ ለሞራሏ ወሰነላት። ገንዘቡ የመሬቱ ዋጋ አልነበረም። ቦታዋ በእጇ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ታገኘው የነበረው ጥቅም፣ ኪራይ እንበለው፣ ነው የተሰላላት። ባለቤትነቷ እንዳለ ነው።

ቱርክ አልከፍልም ብላ አምስት ዓመት ቆየች። ፍርድ ቤት የራሱ ወታደር የለውም፤ ውሳኔውን የሚያስፈጽመው በአባል አገሮች ጫና ነው፤ ጫናውም በረታ። በዲሴምበር 2003 ቱርክ ወለዱን ጨምራ ከ1.1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፈለች። ሎይዚዱ ገንዘቡን ተቀበለች፤ ኪሬንያ ያለው ቦታ ግን አልተመለሰላትም። በፍርድ ቤት መርታትና ቤት መግባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ ሌላው ሁሉ ለምን በዚያው መንገድ አልሄደም?

ሄዷል እንጂ። ወደ 1,400 የሚሆን ፋይል ስትራስቡርግ ተከመረ። ፍርድ ቤቱ የእያንዳንዱን ሰው የወይራ ዛፍና የጓዳ ብዛት እየቆጠረ ሊዘልቀው አልቻለም። ስለዚህ በ2005 ከፋማጉስታ በተፈናቀለች ሴት ፋይል ላይ ቱርክ ለሁሉም የሚሆን መፍትሔ ራሷ እንድታዘጋጅ አዘዘ። በሰሜን የማይንቀሳቀስ ንብረት ኮሚሽን የሚባል ተቋም የተቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው። በ1974 በስሙ የተመዘገበ ንብረት የነበረው ሰው ወይም ወራሹ ያመለክታል፤ ኮሚሽኑ ንብረቱን ሊመልስ፣ በሌላ ንብረት ሊለውጥ ወይም ካሳ ሊከፍል ይችላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከኮሚሽኑ ለንብረቱ ለራሱ ካሳ የተቀበለ ሰው፣ እንደ ሎይዚዱ ሳይሆን፣ ባለቤትነቱን ለቆ ነው የሚወጣው።

ደቡቡ ተቆጣ። «የወራሪን ኮሚሽን መጠየቅ ወረራውን መቀበል ነው» ያለ ብዙ ነበር። ክርክሩ እንደገና ስትራስቡርግ ደርሶ በማርች 2010 ዲሞፑሎስ በሚባለው ፋይል ውሳኔ አገኘ።

እኛ ዘንድ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባላል። በድሮው የጎጃም ሥርዓት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን ትውልድ ቆጥሮ አቅኚ አባቱ ዘንድ ከደረሰ፣ አያቱ የተወለደበትን አገር አይቶት ባያውቅም ተመልሶ «ድርሻዬን» ማለት ይችል ነበር። (በተግባር የሚረታው በቅርብ ያለውና ዳኛ የሚያውቀው እንደነበር ሽማግሌዎች አይደብቁም።) የ1996ቱ ውሳኔ ከዚህ አባባል ብዙ አይርቅም ነበር። የ2010ሩ ግን ራቅ ብሎ ቆመ።

የውሳኔው አሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ ከተፈናቀሉ 35 ዓመት አልፏል። ቤቱ በስጦታ፣ በውርስ፣ በሽያጭ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ከከሳሾቹ መካከል ቤቱን በሕፃንነታቸው ትተውት የወጡ አሉ። ባለቤትነቱ ዛሬም አልጠፋም፤ ነገር ግን ዕለቱን ለቃችሁ ውጡ ብሎ ማዘዝ አንዱን ተፈናቃይ ለመካስ ሌሎች ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ማፈናቀል ይሆናል። ስለዚህ ካሳም፣ ልዋጭም በቂ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ባለንብረቱ መጀመሪያ ወደ ኮሚሽኑ ይሂድ፤ ወደ ኮሚሽኑ መሄዱ ግን ለሰሜኑ አስተዳደር እውቅና መስጠት አይደለም። አልሄድም፣ የፖለቲካ እርቅ እስኪመጣ እጠብቃለሁ ቢልም መብቱ ነው።

ፍርድ ቤቱ «ሌሎች» ያላቸውን ሰዎች ለመረዳት ኤፕሪል 2003ን ማስታወስ ይበቃል። ያን ጊዜ የሰሜኑ አስተዳደር ድንገት መተላለፊያ ከፈተ፤ ከሁለቱም ወገን ሕዝብ እየጎረፈ የድሮ ቤቱን ለማየት ሄደ። የገዛ ቤቱን በር እንደ እንግዳ ያንኳኳ ብዙ ነው። ከፍቶ የወጣው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሱም ከደቡብ፣ ከሊማሶል ወይም ከፓፎስ የተፈናቀለ ነበር፤ ቡና አፍልቶ፣ ከግቢው ዛፍ ሎሚ ቀጥፎ የሸኘ አለ። በሩን ያልከፈተም አለ።

ለኮሚሽኑ ከ7 ሺህ በላይ ሰው አመልክቷል። ሥራው ግን ተጎተተ፤ በ2017 ስትራስቡርግ አንዲት አመልካች ለዓመታት በመመላለሷ መብቷ ተጥሷል ብሎ በራሱ በኮሚሽኑ አሠራር ምክንያት በቱርክ ላይ ፈርዷል።

በሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሦስተኛ ወገንስ?

በ2002 እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ላፒቶስ በምትባል የሰሜን መንደር መሬት ገዝተው የመዋኛ ገንዳ ያለው ቪላ ሠሩ፤ ስማቸው ኦራምስ ነው። የመሬቱ የተመዘገበ ባለቤት አፖስቶሊዴስ የተባለ የደቡብ ሰው ነበር። በ2004 የኒኮሲያ ፍርድ ቤት ቤቱን አፍርሳችሁ መሬቱን አስረክቡ፣ ለተጠቀማችሁበትም ክፈሉ ብሎ ፈረደ። ላፒቶስ ላይ የሚያስፈጽም ፖሊስ አልነበረም። ባለ መሬቱ ግን ቆጵሮስ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት አባል መሆኗን አሰበ። በኅብረቱ ሕግ የአንዱ አገር ፍርድ በሌላው አገር ይፈጸማል፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ ያን ጊዜ የኅብረቱ አባል በነበረችው በእንግሊዝ ቤት ነበራቸው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2009፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2010 ተስማሙለት።

ንብረቱን ለሚጠይቀው ሰው ትምህርቱ ይህ ነው፤ መሬቱ ሩቅ ቢሆንም የገዛው ሰው ኪስ ቅርብ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ከ2024 ጀምሮ የደቡቡ ባለሥልጣናት በሰሜን በተፈናቃይ መሬት ላይ ቤት ሠርተው የሸጡ ነጋዴዎችን ደሴቷ ላይ ሲያገኟቸው እያሰሩ ይከሳሉ።

የተፈናቀሉት ቱርኮችስ?

በደቡብ የቀረው የቱርክ ቆጵሮሳውያን ንብረት በ1991 ሕግ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አደራ ጠባቂ ሆነውበታል። ባለቤትነቱ በወረቀት የቱርኮቹ ነው፤ ቤቱ የተሰጠው ግን ከሰሜን ለተፈናቀሉ ግሪኮች ነው። ባለቤቱ እርቅ እስኪወርድ እንዲጠብቅ ይነገረዋል፤ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር አይመለስለትም። እነርሱም ስትራስቡርግ አቤት ብለዋል፤ «መጀመሪያ በአገር ውስጥ ያለውን መንገድ ጨርሱ» ተብለዋል። ስለ ቆጵሮስ ሲወራ ይህ ወገን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለሉ ልክ አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ የመተከልን ወይም የወለጋን ተፈናቃይ ምን ያገባዋል?

መጀመሪያ የማይመሳሰለውን እንለይ። ሎይዚዱ ባለርስት ነበረች ማለት ይቻላል፤ መሬቱ የግሏ ነው፣ ትሸጠዋለች፣ ትለውጠዋለች። በእኛ አገር ርስት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 ቀርቷል። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ተፈናቃዩ የሚጠይቀው ነገር የለውም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ትክክል አይደለም። ያው አንቀጽ አርሶ አደሩ ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። የይዞታ መብት ይወረሳል፣ ይከራያል። ቤቱ፣ የተከለው ባሕር ዛፍና ማንጎ፣ የቆፈረው ጉድጓድ ደግሞ የይዞታ ጉዳይ እንኳ አይደለም፤ በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራው የግል ንብረቱ ነው፤ በዚያ ላይ ያለው መብት ሙሉ ነው።

በመተከል በኩል አንድ ነገር መለየት አለበት። ከደጋ ወርዶ ያርስ ከነበረው መካከል በስሙ ይዞታ ያለው አለ፤ ከባለ ይዞታው ጋር ተዋውሎ ሰሊጥ ወይም ማሽላ የሚያርስም አለ። ሁለተኛው ሰው መሬቱን የእኔ ይዞታ ነው ብሎ አይከስም፤ የውሉን ጥቅም፣ ያልሰበሰበውን ሰብል፣ የተቃጠለበትን ቤትና የተዘረፈ ከብቱን ግን ይጠይቃል። ሁለቱን ደባልቆ ማቅረብ ፋይሉን ያበላሸዋል።

ሌላው አደጋ ጊዜ ነው። የገጠር መሬት ሕጎቻችን መሬትን ያለ በቂ ምክንያት ጦም ማሳደር የይዞታ መብትን ሊያሳጣ እንደሚችል ይደነግጋሉ። ነፍሱን ለማዳን የሸሸ ሰው በቂ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ግን ማንም አይጽፍለትም፤ ራሱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። አለዚያ ከዓመታት በኋላ መዝገቡ ላይ የሚገኘው «መሬቱን ትቶ ሄደ» የሚለው ብቻ ይሆናል። የ1985ቱን የሰሜን ቆጵሮስ ድንጋጌ ያስታውሳል።

ስለሚከሰስበት ፍርድ ቤትም ማሰብ ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓታችን የመሬት ክርክር የሚታየው መሬቱ ባለበት ፍርድ ቤት ነው። ቻግኒ የተጠለለ ሰው የቡለን መሬቱን ቻግኒ ላይ ከስሶ አይረታም፤ ወደ ተፈናቀለበት አገር ተመልሶ ችሎት መቆም አለበት፤ ምስክሮቹ ደግሞ እንደ እርሱ ተበትነዋል። ለዚህ ነው ለተፈናቃይ ተራ ፍርድ ቤት ብቻውን የማይበቃው።

ክፍተቱን ይሞላል ተብሎ የወጣው ሰነድ በ2009 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ካምፓላ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ኮንቬንሽን ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃዋለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ኮንቬንሽኑ መንግሥት ተፈናቃዩ ጥሎት የሄደውን ንብረት እንዲጠብቅ፣ የጠፋበትን ሰነድ እንዲተካለት፣ ለደረሰው ጉዳት ተገቢ ካሳ የሚገኝበትን ሥርዓት እንዲያበጅ፣ የንብረት ክርክርም አስፈላጊ ሲሆን በቀለለ አካሄድ የሚፈታበትን መንገድ እንዲያቋቁም ያዝዛል። «በቀለለ አካሄድ» የተባለው ቆጵሮስ ላይ ከ30 ዓመት ሙግት በኋላ የመጣው የኮሚሽን ዓይነት ነገር ነው። ኮንቬንሽኑ ግን የትኛው ቢሮ፣ በስንት ቀን፣ በምን ማስረጃ እንደሚወስን አይናገርም፤ ያን ማውጣት የአገር ውስጥ ሕግ ሥራ ነው።

ከአገር ውጭ አቤት ማለት ይቻላል?

በር አለ፤ የስትራስቡርግን ያህል ሰፊ ግን አይደለም። አሩሻ ያለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ለኢትዮጵያዊ ግለሰብ ክፍት አይደለም፤ አገራችን ፍርድ ቤቱ የተቋቋመበትን ፕሮቶኮል አላጸደቀችም። ክፍት የሆነው ባንጁል የሚገኘው የአፍሪካ ኮሚሽን ነው። የአፍሪካ ቻርተር አንቀጽ 14 የንብረት መብትን ይጠብቃል፤ ግለሰብም ማኅበርም አቤቱታ ሊያስገባ ይችላል። ሆኖም በአገር ውስጥ ያለውን መንገድ መጨረሱን ወይም መንገዱ ያለ ልክ መጓተቱን ማሳየት አለበት።

መንግሥታት ራሳቸው ስለ ዜጎቻቸው የሚሟገቱበት ሌላ መንገድም አለ፤ እኛም አይተነዋል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የካሳ ኮሚሽን ሄግ ላይ የሁለቱንም አገር ክስ ሰማ። ከኢትዮጵያ የተባረሩ ሰዎች ንብረታቸውን ያጡበትንም ሁኔታ መርምሮ ኢትዮጵያን ጥፋተኛ አድርጓል። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ወሰነ። ከሳሹም፣ የተፈረደለትም በዋናነት መንግሥት ነው፤ ቤቱን ያጣው ግለሰብ እንደ ሎይዚዱ ራሱ ቆሞ የሚከራከርበት ችሎት አልነበረም።

እስከዚያው ተፈናቃዩ ምን ይያዝ?

የቆጵሮስ ሰዎች ይህን ያህል ሊሟገቱ የቻሉት በእንግሊዝ ዘመን የተጀመረ፣ ካርታ ያለው የመሬት መዝገብ ስለነበራቸው ነው። የእኛ ተፈናቃይ ብዙ ጊዜ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ደብተር ነው። ይህ ደብተር ካርታ የለውም። መሬቱን የሚገልጸው በአዋሳኝ ነው፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ እያለ። አዋሳኞቹም አብረው ከተፈናቀሉ ደብተሩ መሬቱን አይጠቁምም። ስለዚህ አዋሳኞቹ ዛሬ የት እንዳሉ፣ ስልካቸውን ጭምር፣ ሳይሞቱና ሳይበተኑ መዝግቦ መያዝ ደብተሩን እንደ መያዝ ያህል ነው። የሁለተኛ ደረጃ ደብተር ያለው ሰው ካርታውንና የማሳውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ለልጆቹም ይላክ።

ደብተሩ የተቃጠለበት ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ የመዝገቡ ቅጂ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መኖር አለበት። የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የቤቱ የድሮ ፎቶ፣ የእድርና የማኅበር መዝገብ ሁሉ ይረዳል። የባልና የሚስት ስም በየራሱ መመዝገቡ ይታይ፤ ባሏ በግጭቱ የሞተባት ሴት በኋላ ላይ ሁለት ጊዜ ስታረጋግጥ እንዳትኖር።

ከዚያ ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ አንዱን ለተፈናቀለበት ወረዳ፣ አንዱን ለተጠለለበት። መቼ ሸሸ፣ ለምን ሸሸ፣ ምን ጥሎ መጣ፣ መሬቱን አልተውኩም የሚለውን በአጭሩ ያስፍር። ጸሐፊው «ተቀብለናል፣ ይበቃል» ቢለው እሺ ብሎ አይውጣ፤ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይቀበል። ባንጁልም የደረሰ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው እርሱን ነው።